በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠራ ቤዝ ተጫዋች፦ ከአምፕሊፋየር እስከ ክር የምርጫ ንጽጽር

ቤዝ ጊታር ለመግዛት ወይም ለመቀየር የሚያስብ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን ከመሣሪያው ስም ይጀምራል፤ ፌንደር ይሻላል ወይስ ያማሃ፣ አይባኔዝ ይሻላል ወይስ ሌላ እያለ ይጠይቃል። በመሀል ከተማ በታወቀ ሆቴል ቋሚ ሥራ ላለው ሰው ይህ አጠያየቅ ብዙም አይጎዳውም። መድረኩ ላይ የቤቱ አምፕሊፋየር አለ፤ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠ ባለሙያ አለ፤ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣ ሰብዉፈር አለ። በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በገላን ወይም በኮዬ ፈጬ እየተዘዋወረ የሌሎችን ዘፈን ለሚጫወት ባንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ በድንኳን ሰርግ ይሠራል፣ ነገ የተከራየ ሳውንድ ሲስተም ባለበት አዳራሽ ይጫወታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሁለት ስፒከር ብቻ በቆመበት ላውንጅ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ምርጫው ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ ይታያል፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ድምፁ ወደ አድማጭ የሚደርስበት መንገድ፣ መሣሪያው ደግሞ ከዚያ በኋላ።

ዋጋ በብር አላስቀመጥኩም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ ገዢውን ያሳስታል። የሚጠቅመው የቱ ወጪ እንደሚቀድምና የቱ ሊዘገይ እንደሚችል ማወቁ ነው።

ቋሚ ቤት ወይስ ሰርግ

ቋሚ ቤት ማለት ባንዱ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ድረስ፣ በአንድ መድረክ የሚጫወትበት ሥራ ነው። የዘፈኖቹ ዝርዝር ይደጋገማል፣ የአዳራሹ ጠባይ ይታወቃል፣ ዕቃም እዚያው ሊያድር ይችላል። ሰርግ ግን በየሳምንቱ ቦታው ይለያያል፣ ሥራውም ወቅት አለው። ኦርቶዶክሳውያን በጾም ወራት፣ በተለይም በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ ስለማይዳሩ የሰርጉ ሥራ ከጥምቀት በኋላ በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይከማቻል። በእነዚህ ወራት አንድ ቤዝ ተጫዋች በአንድ እሑድ ሁለት ቦታ ይፈለጋል፤ በሁዳዴ ደግሞ ስልኩ አይጮኽም። የምሽት ቤቶችም በጾም ገበያቸው ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ስለዚህ ገቢውን በሰርግ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ትልቅ ወጪውን ከጥር በፊት ሳይሆን ከግንቦት በኋላ ቢያደርግ፣ ማለትም ገንዘቡ በእጁ ከገባ በኋላ ቢገዛ፣ በእኔ እይታ ይሻለዋል።

ሁለቱ ሥራዎች ከመሣሪያው የሚጠይቁትም አንድ አይደለም። በምሽት ቤት ዘፋኙ አንድ ዘፈን ጨርሶ ውኃ ይጠጣል፣ ቤዝ ተጫዋቹም ቅኝቱን ለማረጋገጥ፣ ባትሪ ለመቀየር ወይም ክር ለማጥበቅ ጊዜ ያገኛል። በሰርግ ላይ ግን ዘፈን ከዘፈን ሳይቋረጥ ይያያዛል፤ የሙሽራው ወገን ጉራጊኛ ሲል የሙሽሪት ወገን የወሎ ይላል፣ በከተማው ዳርቻ ደግሞ የኦሮምኛ ዘፈን በብዛት ይጠየቃል፣ ጨፋሪው መሀል ላይ እያለ ባንዱ ማቆም አይችልም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የመሣሪያው ውበት ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቅኝቱን የሚጠብቅና መሀል መንገድ ላይ የማያቋርጥ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ሌላ ንጽጽር አለ፤ ባንዱ ቤዝ ተጫዋች ያስፈልገዋል ወይስ ኪቦርዱ ይበቃዋል የሚለው። ክፍያው ሲያንስ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቤዙን በግራ እጁ እንዲይዝ ማድረግ በዳርቻው ቤቶች የተለመደ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ሰው ስለቀነሰ አይከፋውም። በትንሽ ሳውንድ ሲስተም ላይ የኪቦርድ ቤዝ መጠኑ የማይዋዥቅና የጠራ ስለሆነ፣ ሁለት ስፒከር ብቻ ባለበት ላውንጅ ይህ አማራጭ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ኪቦርዱ በራሱ የሚያጅብባቸውን ስታይሎች ሲከፍቱ ነው። እነዚህ ስታይሎች የተሠሩት ለሜጀርና ለማይነር ኮርድ ነው፤ ቤዙን ከመነሻው ድምፅ ወደ አምስተኛው ያመላልሱታል። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ቅኝት ይህ ያስኬዳል። አንቺሆዬ ግን ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ነው፤ የሲ አምስተኛ የሆነው ጂ በውስጡ የለም። መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ጂ ሲጨምርበት ዘፋኙ ፊቱን ወደ ባንዱ ያዞራል። የውጭ ዘፈን ብቻ ሲጫወት የኖረ ቤዝ ተጫዋችም ያንኑ ስሕተት በጣቱ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ለባንድ መሪ የሰውየው ጆሮ ከያዘው መሣሪያ በፊት ይመዘናል። በነጻ ምት በሚጀመር ትዝታ ላይ ዘፋኙን ተከትሎ መዘግየትን፣ በ6/8 ችክችካ ላይ ደግሞ አጭሩን ቤዝ እየደጋገሙ ጨፋሪውን መግፋትን ከኪቦርድ ስታይል መጠበቅ አይቻልም። በኢቤክስና በሮሃ ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረውን የጆቫኒ ሪኮን አጨዋወት በካሴት ዘመን ቅጂዎች ላይ በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ድምፁ የሚወጣበት መንገድ

ከአራት አማራጮች አንዱን መምረጥ ግድ ነው፦ በቤቱ አምፕ መጫወት፣ ሁሉን በአንድ ሳጥን የያዘ የራስ ኮምቦ አምፕ መያዝ፣ ቀላል ሄድና (ስፒከር የሌለው አምፕ) ለብቻው የሆነ ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) መግዛት፣ ወይም ያለ አምፕ በዲአይ ቦክስ (የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር በሚስማማ መልክ የሚያስተላልፍ ትንሽ ሳጥን) አልያም በቤዝ ፕሪአምፕ ፔዳል (ድምፁን ማስተካከያ ባለው ተመሳሳይ ሳጥን) በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት።

ከመምረጥ በፊት ግን ስፒከሩ ምን ማውጣት እንደሚችል መታወቅ አለበት። የባለ 4 ክር ቤዝ ዝቅተኛው ክር፣ ኢ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የባለ 5 ክሩ ቢ ደግሞ 31 ጊዜ ገደማ። በእግር ላይ የሚቆሙት ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ስፒከሮች ያለ ሰብዉፈር ከ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ርግብግቢት) በታች ያላቸው ጉልበት በአብዛኛው በፍጥነት ይወድቃል። አድማጩ ዝቅተኛውን ኢ የሚሰማው ከራሱ ከ41 ኸርዙ ሳይሆን በላዩ ካሉት ተከታይ ድምፆች፣ ከ82ና ከ123 ኸርዝ፣ ነው፤ ጆሮ የጎደለውን መሠረት ከእነርሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰብዉፈር በሌለበት አዳራሽ ቤዙ አልሰማ ሲል ዝቅተኛውን መክፈቻ ማዞር ስፒከሩን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም። የሚፈለገው ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ፣ መካከለኛውን፣ በተለይ ከ700 እስከ 800 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ማድረግ የሚያስችል መሣሪያ በራሱ እጅ የሌለው ተጫዋች በሳውንድ ማኑ ፈቃድ ሥር ነው፤ ሳውንድ ማኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ማይክ ይዞ ይታገላል።

የቦታው ጠባይ ሌላው መለኪያ ነው። ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ያለው የሰርግ አዳራሽ ዝቅተኛውን ድምፅ ይዞ ያስጮኸዋል፤ በአንዳንድ ኖታ ላይ አዳራሹ ሁሉ ያጉረመርማል፣ በሌላው ላይ ቤዙ ይጠፋል። እዚያ ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ያለውን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። በድንኳን ውስጥ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ሸራው ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማይመልሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከግቢው ውጭ ያለው ጎረቤት ከጨፋሪው በላይ ቤዙን ይሰማል። በአዳራሽ ያማረ ቅንብር በድንኳን ይቀጥናል። ሁለቱንም የሚሠራ ባንድ ባለ አንድ መክፈቻ ቀላል ዲአይ ሳይሆን መካከለኛውን ድምፅ ለብቻው ማስተካከል የሚችል ፕሪአምፕ ፔዳል የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አራቱን አማራጮች እንመዝን። የቤቱ አምፕ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ባልታወቀ እጅ ስንት ዓመት እንደሠራ አይታወቅም፣ ስፒከሩ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፣ ቦታ ሲቀየርም አብሮ አይሄድም። ኮምቦ አምፕ ለልምምድ ምቹ ነው፤ ሆኖም ከድራም ጋር ለመወዳደር ከ200 ዋት በታች ያለው ብዙውን ጊዜ ይደክማል፣ ክብደቱም ከ10 እስከ 20 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚደርስ መኪና ለሌለው ሰው በሌሊት ሸክም ነው። የዘመኑ ክላስ ዲ ሄድ ግን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ሆኖ ብዙ መቶ ዋት ይሰጣል፤ ከባለ 12 ኢንች ካቢኔት ጋር በባጃጅ መጫን ይቻላል። ሄድና ካቢኔት ለየብቻ ሲገዙ ኦሙ፣ ማለትም የካቢኔቱ የኤሌክትሪክ መቋቋም፣ መታየት አለበት። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች በትይዩ ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሄዱ ከ4 ኦም በታች የማይፈቅድ ከሆነ ሦስተኛ መጨመር ማቃጠል ነው። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋትም በአብዛኛው በ4 ኦም የተለካ ስለሆነ፣ በአንድ ባለ 8 ኦም ካቢኔት ብቻ ሲሠራ ያ ሁሉ ጉልበት አይገኝም።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚልክለት ሰው አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። በአምፑ ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ መሰካት የመጨረሻ ቀኑ ነው። በትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን ትራንስፎርመሩ አምፑ ከሚወስደው ዋት ቢያንስ እጥፍ መቻል አለበት፤ እርሱም ራሱ ብረት ስለሆነ ክብደቱ የክላስ ዲን ጥቅም መልሶ ይበላዋል። ዘመድ ከመላኩ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ነውር የለውም።

አራተኛው አማራጭ፣ በፕሪአምፕ ፔዳል ወደ ሚክሰር መግባት፣ በዳርቻው ለሚዘዋወር ተጫዋች ከሁሉ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። በቦርሳ ኪስ ይገባል፣ የተጫዋቹን ድምፅ ከቦታ ቦታ ሳይለወጥ ይዞ ይሄዳል፣ ለአድማጩ የሚደርሰውም ለማንኛውም በሚክሰሩ በኩል ያለው ነው። የቤዙ ጃክ ኬብል ከ6 ሜትር በላይ ሲረዝም የፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ጥራት ይደበዝዛል፣ የመብራቱም ጉርምርምታ ይገባበታል። ከዲአይ የሚወጣው ባለ ሦስት ፒን የማይክ ኬብል ግን ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥም ጤናማ ሆኖ ይደርሳል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት መንገድ ሳውንድ ማኑ ወደ መድረኩ በሚያዞረው ስፒከር፣ በሞኒተሩ፣ ላይ ይወድቃል። ሞኒተር በሌለበት መድረክ ላይ ቤዝ ተጫዋች ራሱን ካልሰማ ጣቱን ያጠነክራል፣ ጣት ሲጠነክር ምቱ ይፈጥናል፣ ድራመሩም አብሮት ይሮጣል። ስለዚህ ከፔዳሉ ቀጥሎ የሚገዛው ትልቅ አምፕ ሳይሆን ከፔዳሉ የሚወጣውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ቢሆን ገንዘቡ በአግባቡ ይውላል፤ አንዳንድ ፔዳሎች ይህን መውጫ አብረው ይዘውት ይመጣሉ። ባንዱ የራሱ መለማመጃ ቤት ካለውና ከድራም ጋር በየሳምንቱ የሚለማመድ ከሆነ ብቻ አምፑ ይቅደም።

ጉርምርምታው የት እንደሚጀምር በቅርብ ለማየት የሚከተለውን ማስተዋል ይጠቅማል። አዳራሹ ውስጥ ለሙሽሮች መግቢያ መብራቱ በዲመር ዝቅ ሲል ቤዙ ወዲያው መጮኽ ይጀምራል፤ ተጫዋቹ ክሩን በእጁ ሲነካ ይቀንሳል፣ ሲለቅ ይመለሳል። ይህ የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ከፒካፑና ከኬብሉ የሚገባ ነው፤ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ሲያዞር እንኳ ይለወጣል። መብራቱ ሳይነካ፣ ተጫዋቹም ክሩን ቢነካ ባይነካ የማይለወጥ ቋሚ ጉርምርምታ ከሆነ ግን መንሥኤው ዲአዩና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ መሬት ስለያዙ ነው፤ በዲአይ ላይ ያለውን ግራውንድ ሊፍት የሚባለውን ማብሪያ መግፋት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። የአምፑን መሰኪያ መሬት ፒን መስበር ወይም በፕላስተር መሸፈን ግን መፍትሔ አይደለም። በጄኔሬተር በሚሠራ ድንኳን፣ በተለይ መብራት ተቋርጦ በጥድፊያ ሲቀየር፣ ክሩን የያዘ ሰው ማይክ በከንፈሩ ሲነካ የሚሰማው ንዝረት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሥራውን አስቁሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን መጥራት ይገባል። ቤዙን በዋየርለስ ማገናኘት ይህን አደጋ በተጫዋቹ በኩል ይቀንሳል፣ ምክንያቱም እጁን ከአምፑ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ አይኖርም።

ባለ አራት ክር ወይስ ባለ አምስት

የአምስት ክር ደጋፊዎች የመጀመሪያ ክርክር ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል የሚል ነው። ከላይ ስለ ስፒከሩ የተባለውን ላስታወሰ ሰው ይህ ክርክር በዳርቻው አዳራሾች ብዙም አይቆምም፤ ሰብዉፈር በሌለበት 31 ኸርዝ ለማንም አይደርስም። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው፤ የእጅ አቀማመጥ።

በአምባሰል የተሠራ አንድ ዘፈን ከኢ ይነሣል እንበል፤ ኖታዎቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው። ባለ 4 ክር የያዘ ሰው ኢንና ኤን በክፍት ክር ይመታል፣ ሌሎቹን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ በተሰለፉት የብረት መስመሮች) ያገኛቸዋል፤ የሚመችና የሚያምር አያያዝ ነው። ከዚያ የዕለቱ ዘፋኝ ዘወር ብሎ ግማሽ ዝቅ አድርጉልኝ ይላል። ኪቦርዱ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ እጁን ሳያንቀሳቅስ ይቀጥላል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ኢ ፍላት በታችኛው ክር ላይ የለውም፤ ክፍት ክሮቹም አይረዱትም፤ ወይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ በኤ ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ይጀምራል፣ ወይም የዘፈኑን ቤዝ ቅርጽ ያፈርሳል። ባለ 5 ክር የያዘው ከመጀመሪያውም ኢን በቢ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ይዞ ነበርና፣ ያንኑ ቅርጽ ሳይለውጥ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ይስባል። በአንድ ምሽት ሦስት ዘፋኝ ለሚያጅብ ባንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ጥቅሙ በነጻ አይመጣም። አንገቱ ይሰፋል፤ የማይመታውን ቢ ክር በአውራ ጣት ዝም ማሰኘት ራሱን የቻለ ልምምድ ይጠይቃል፤ የአምስት ክር ስብስብ ዋጋው ይበልጣል፤ ርካሽ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ቢው ይላላል፣ ድምፁም ከሌሎቹ ክሮች የተለየ ይሆናል። በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ ቀላል ነው፤ በቢ ክር 5ኛ ፍሬትና በክፍቱ ኢ ክር አንድ ዓይነት ኖታ እያፈራረቁ መምታት። የሁለቱ ድምፅ እጅግ ከተራራቀ ያ መሣሪያ በስም ባለ አምስት እንጂ በሥራ ባለ አራት ነው።

አንድ ቋሚ ዘፋኝ ላለው ባንድ ጥሩ ባለ 4 ክር ከመካከለኛ ባለ 5 ክር ይሻላል። ዘፋኞቹ የሚፈራረቁ ከሆነ፣ ወይም የሰርግ ሥራው ከቤቱ ሥራ ከበለጠ፣ ባለ 5 ክር ይመረጥ።

የፒካፕ ዓይነት፣ ፓሲቭና አክቲቭ

ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951 አወጣ፤ አሁን የምናውቀው ለሁለት የተከፈለው ፒካፕ የመጣው በ1957 ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለ። ሙዚክ ማን ስቲንግሬይ በውስጡ ፕሪአምፕና ባትሪ ይዞ በ1976 ወጣ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው መሣሪያ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ የእነዚህ የሦስቱ ዝርያ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ገዢ በአርማው አይታለልም።

ለዳርቻው ሥራ ልዩነታቸው በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ጉርምርምታው ነው። የፕሪሲዥኑ የተከፈለ ፒካፕ የመብራቱን ጩኸት በራሱ ይሰርዛል፤ ጃዝ ቤዝ የሚሰርዘው ሁለቱም ፒካፖች እኩል ሲከፈቱ ብቻ ነው፣ አንዱ ሲቀነስ ጩኸቱ ይመለሳል። መሬት ባልተቀበረለት አዳራሽ የጃዝ ባለቤት የሚወደውን የኋላ ፒካፕ ድምፅ ለብቻው ለማግኘት ሲሞክር ጉርምርምታውንም አብሮ ይቀበላል። በአንጻሩ ጃዝ ለተለያየ ዘፈን የተለያየ ጠባይ ይሰጣል፤ ለሬጌ የፊቱን ፒካፕ ከፍቶ ቶኑን መዝጋት፣ ለፈጣኑ ጉራጊኛ ደግሞ የኋላውን ጨምሮ ማጥራት ይቻላል። እኔ አንድ ብቻ መያዝ ላለበት ሰው ጃዝን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ፒካፕ እኩል ከፍቶ መጫወትን እስከለመደ ድረስ።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። አክቲቭ ቤዝ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው፣ ስለዚህ ኬብሉን ሳይነቅሉ ማሳደር ባትሪውን ያደርቃል። ሲደክም በድንገት አይሞትም፤ መጀመሪያ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ሰውም አምፑን ይጠረጥራል። ያለ ባትሪም በፓሲቭ መሥራት የሚችል ማብሪያ ያለው አክቲቭ ካልተገኘ፣ ለረጅም ሰርግ ፓሲቭ ከፕሪአምፕ ፔዳል ጋር ይበቃል። ፔዳሉ በመሬት ላይ ስላለ ሲበላሽ ይታያል፣ ተነቅሎም ሥራው ይቀጥላል።

አጭሩን ባለ 30 ኢንች ቤዝ በተመለከተ፣ እጃቸው ትንሽ ለሆነና ለጀማሪ ይመቻል፤ ከመደበኛው ባለ 34 ኢንች ጋር ሲነጻጸር ግን ታችኛው ክር ይላላል፣ ክሩንም በሱቅ ማግኘት ይከብዳል።

ክር፣ ብርድና መንገድ

የክር ምርጫ በጠፍጣፋና በክብ ጥምጥም መካከል ነው። ክብ ጥምጥም ብሩህ ነው፣ ለአዲሱ ዘፈን ይስማማል፤ በላብና በአቧራ ብሩህነቱ ቶሎ ይጠፋል። ጠፍጣፋው ድምፁ ድፍን ነው፣ ለቀድሞ ዘመን ዘፈኖችና ለሬጌ የተሠራ ይመስላል፤ ለዓመታትም ሳይቀየር ይሠራል። አዲስ ክር ማስመጣት ውድ በሆነበት ቦታ ጠፍጣፋ ክር መጀመሪያ ሲገዛ ቢወደድም በኋላ ይካሳል። ነገር ግን ቀደም ሲል እንደተባለው በትንሽ ስፒከር ላይ ቤዙ የሚሰማው ከላይኛው ድምፅ ስለሆነ፣ ጠፍጣፋ ክር ያስገባ ሰው በፔዳሉ ላይ መካከለኛውን ከፍ ማድረግን መርሳት የለበትም።

በሱሉልታና በእንጦጦ ጀርባ ባሉ ቦታዎች የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽት ብርዱ በክር ላይ ይታያል። በመኪና የኋላ ኮፈን ቀዝቅዞ የመጣ ቤዝ ሞቃት አዳራሽ ሲገባ ክሩ ይለጠጥና ቅኝቱ ይወርዳል፤ ከመድረክ በፊት ከቦርሳው አውጥቶ ማቆየትና ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ እንደገና መመልከት ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ደግሞ አንገቱ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ በውስጡ ያለው የብረት ዘንግ ማስተካከያ ቀዳዳ በቀላሉ የሚደረስበት መሣሪያ መምረጥ ጥሩ ነው፤ አንዳንዶቹን ለማስተካከል አንገቱን ከአካሉ መፍታት ግድ ይላል።

የቦርሳው ጉዳይ እንደ ተራ ይታያል፤ አይደለም። ሃርድ ኬዝ መኪና ላለው ሰው ከሁሉ ይሻላል። በሚኒባስ ለሚመላለስ ግን ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ያለው፣ እንደ ሻንጣ በጀርባ የሚታዘልና ዝናብ የማያስገባ የጨርቅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ ሃርድ ኬዙን ያየ ረዳት የአንድ ሰው ወንበር ሒሳብ ይጠይቃል፣ ክርክሩም እስከ አያት ድረስ አያልቅም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሥራው ሲያልቅ ታክሲ ስለማይገኝ፣ የባንዱ ክፍያ ሲስማማ መመለሻው በባለቤቱ ወጪ መሆኑ አብሮ ይነሣ። ካቢኔቱ በቤቱ የሚያድር ከሆነም የዕቃው ዓይነትና መለያ ቁጥር ተጽፎ በባለቤቱና በባንዱ መሪ ይፈረምበት፤ ሄዱና ፔዳሉ ግን ከቤዙ ጋር በቦርሳ ወደ ቤት ይመለሱ።